ለግልገል ጊቤ ጀልባ ፋይበርግላስ ማልበስና ሬዚን ማቅለም

የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአገሪቱ 184 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ ለአሰንዳቦና ለአካባቢዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሐይቅ ሰጠ። ሐይቁ ዓሣ አለው፤ ዓሣ ካለ ጀልባ ይፈለጋል። ጀልባ ለመሥራት የእንጨት ሙያ አይጎድልም። የጅማ አካባቢ ጠራቢ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጥሩ አናጺም ከኮምፔንሳቶና ከዋንዛ ዘንግ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ መግጠም አያቅተውም። የሚጎድለው እንጨቱን ከውሃ የሚለይ ሽፋን ነው።

ይህ ውሃ እንጨትን ያሠቃያል። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል፤ ዳርቻውም ከወር ወር ይሸሻል። ጀልባው ጭቃና ድንጋይ ላይ ይጎተታል፣ ሳምንት ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ሳምንት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ምስማሩ ይላላል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የኮምፔንሳቶው ቅጠሎች ይላቀቃሉ። ሬንጅ መቀባት ስንጥቁን ለጊዜው ይደፍናል እንጂ ይህን ማበጥና መኮማተር አያስቆምም። የሚያስቆመው እንጨቱን ዙሪያውን በመስታወት ጨርቅ (ፋይበርግላስ) እና ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ፣ በሬዚን፣ መዝጋት ነው።

ሥራው ፋብሪካ አይፈልግም። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበርግላስና ሬዚን ወደ ገበያ ሲወጡ፣ የካሊፎርኒያ ሰዎች በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን የሰርፍ ሰሌዳ በየጋራዣቸው መሥራት ጀመሩ። ሬዚኑን ራሱን አቅልሞ ከጨርቁ ጋር አንድ ማድረግን፣ ማለትም ላዩ ላይ ቀለም ከመቀባት ይልቅ ሽፋኑን ቀለም ማድረግን፣ እነዚህ ሰሌዳ ሠሪዎች ትልቅ ሙያ አደረጉት። ባልዲ፣ ስፓቱላ፣ ጥላና ትዕግሥት ነበር መሣሪያቸው፤ እነዚህ ደግሞ አሰንዳቦም አሉ።

ስለ ቀለሙ አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የጀልባዎን ወለል እንጨቱን በሚያሳይ ቀለም ያቅልሙ። ብዙ ሰው ድፍን ሰማያዊ ወይም ድፍን አረንጓዴ ይመርጣል፤ ያምራል፣ ግን ይደብቃል። ጨርቁ ሬዚን ያልጠጣበት ቦታ፣ የታፈነ አየር፣ ከዓመት በኋላ በጭረት ገብቶ እንጨቱን ያጠቆረ ውሃ፣ ሁሉም ከድፍን ቀለም ሥር አይታይም። በሚያሳይ ቀለም ግን ጀልባውን ገልብጠው አንድ ጊዜ ዙሪያውን ሲሄዱ ሁሉንም ያዩታል። ሰው ተሳፍሮበት መሀል ውሃ ለሚገባ ነገር ይህ ከማማር ይበልጣል።

ዕቃውን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚታሰቡት ሬዚኖች ሁለት ናቸው። ፖሊስተር የመኪና አካል ጠጋኞችና የውሃ ታንከር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ይረክሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታው ኃይለኛ ነው። ኤፖክሲ ይወደዳል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ እንጨት ላይ ግን ከፖሊስተር እጅግ አጥብቆ ይጣበቃል። ከእንጨት ለተሠራ ጀልባ እኔ ያለማመንታት ኤፖክሲ እመርጣለሁ። ፖሊስተር የተለበሰ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ሽፋኑ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ሊነሣ ይችላል፤ በተለይ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተለበሰ።

የዋጋው ልዩነት ደግሞ በኪሎ ሲታይ እንደሚያስደነግጠው አይደለም። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጀልባ የውጭ ገጹ ወደ 8 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በፖሊስተርና በካሬ ሜትር 300 ግራም በሚመዝን ማት (ያልተሸመነ የመስታወት ጭረት ንጣፍ) ከሠሩት፣ ማቱ ከራሱ ክብደት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሬዚን ስለሚጠጣ፣ የወለሉን ድርብና የማጠናቀቂያውን ቅብ ጨምሮ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ይፈጃል። በኤፖክሲና 200 ግራም በሚመዝን የተሸመነ ጨርቅ ከሠሩት ግን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይበቃል፤ ጀልባውም ይቀልላል።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ጠረጴዛ ላይ በወፍራሙ ለማፍሰስ የተዘጋጀ ኤፖክሲ ለዚህ አይሆንም፤ ቶሎ ስለማይጠነክር ከጎኑ ላይ ይወርዳል። ጨርቅ ለማጣበቅ የተዘጋጀውን ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጭረቶቹ በሙጫ የተያያዙበትን ማት ከኤፖክሲ ጋር አይግዙ፤ ያ ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፣ በኤፖክሲ ደርቆ ይቀራል። ለኤፖክሲ የተሸመነ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ፖሊስተር ሲገዙ ማፋጠኛው ኮባልት አስቀድሞ የተቀላቀለበትን ብቻ ይውሰዱ። ኮባልቱ ለብቻው ከተሰጠዎትና ከማጠንከሪያው (ከሃርድነሩ) ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል። ሁለቱን በአንድ ሳጥን እንኳ አያጓጉዙ።

ጊዜና ቦታ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ይሻላል። በክረምት እርጥበቱ እንጨቱንም ሬዚኑንም ያበላሻል። በጋውም የራሱ ጠባይ አለው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋትም ጤዛ አለ። ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም፣ ከ18 እስከ 28 ባለው ይስማማዋል። ስለዚህ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ አቧራ የማይነፍስበት መጠለያ ያዘጋጁ፤ ማታ ማታም ጀልባውን ሳይነካ የሚሸፍን ሸራ ከላይ ይወጥሩ። የከሰል ምድጃ፣ ሲጋራና የጀበና እሳት ከዚያ ይራቁ። የፖሊስተር ትነትና መሣሪያ የሚታጠብበት አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛሉ።

እንጨቱን ማድረቅና ማሰናዳት

የጀልባው ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ የሬዚኑ ቆርቆሮ ገና ሳይከፈት። በዚህ አገር ቡና አልጋ ላይ ተዘርግቶ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ሳያገላብጠው የሚያስገባ ሰው የለም። ለእንጨቱም ልኩ ያው ነው፤ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች። የቡና እርጥበት መለኪያ ግን እንጨትን አይለካም። ጀልባው ከተሠራበት እንጨት የተረፈ ቁራጭ ከጀልባው ጎን ያስቀምጡና በየሁለት ቀኑ በስሱ ሚዛን ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተመጣጥኗል። ሌላም መፈተኛ አለ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቁራጭ እንጨቱ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ፀሐይ ላይ አውሎ ማሳደር። በማግስቱ ከሥሩ ላብ ካዩ፣ እንጨቱ አልደረቀም፤ ይጠብቁ።

ቀጥሎ ጀልባውን ይገልብጡ። ምስማሮቹን ሁሉ ከገጹ በታች ያስገቡ። ቀዳዳውንና ስንጥቁን በስቱኮ አይድፈኑ፤ ለግድግዳ የተሠራ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ከዚያው ከሚጠቀሙበት ሬዚን ጋር ለውሰው በስፓቱላ ይሙሉት። ቀለሙም ከእንጨቱ ጋር ስለሚቀራረብ በሚያሳየው ሽፋን ሥር ነውር አይሆንም።

ሹል ጠርዝ ሁሉ ይክበብ። የመስታወት ጭረት ስለት ላይ አይታጠፍም፤ ይነሣል፣ ከሥሩም አየር ይይዛል። ወለሉና ጎኑ የሚገናኙበት ጠርዝ ቢያንስ የትንሽ ጣት ጫፍ ያህል እስኪዞር በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ይውረድ። ከዚያ ገጹን በሙሉ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያንሡ። በላምባ ወይም በናፍጣ መወልወል ክልክል ነው፤ የሚተወው ቅባት ሬዚኑን አያስይዝም። የላብ እጅ እንኳ ቢቀር ይመረጣል።

ቀለሙን መሞከር

ለሬዚን የሚሆነው ለሬዚን የተዘጋጀ ቀለም ብቻ ነው፤ ለኤፖክሲ የኤፖክሲውን፣ ለፖሊስተር የፖሊስተሩን። የቤት ዘይት ቀለም ሬዚኑን ያልፈሰፍሰዋል፤ በውሃ የተበጠበጠ ማንኛውም ቀለም፣ የኬክ ቀለምን ጨምሮ፣ ያበላሸዋል። የሚያሳየው ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ድፍኑ ለጥፍ መሳይ ነው፤ ከሬዚኑ ክብደት 5 በመቶ ማለፍ የለበትም።

ባልዲ ውስጥ ያለው ቀለም እንጨት ላይ ከሚወጣው ጋር አንድ አይደለም። ዋንዛ በራሱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ሲያርፍበት ይደፈርሳል፣ ጭቃ መሳይ አረንጓዴ ይሆናል። ማር መሳይ ቢጫ፣ ብርቱካንና ጥልቅ ቀይ ግን የእንጨቱን ጅማት ያጎሉታል። ነጣ ባለ ኮምፔንሳቶ ላይ አረንጓዴም ሰማያዊም ያምራል። አንድ ክንድ በሚያህል ቁራጭ ላይ ጨርቅ አልብሰው፣ ቀለሙን በሦስት ልክ ሞክረው፣ ደርቆ በፀሐይ ሲታይ ይምረጡ። በዚያው ፈተና ሬዚኑ በእርስዎ መጠለያ ሙቀት ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥዎት ያውቃሉ። ያቺን ደቂቃ ይጻፏት፤ በኋላ ሥራውን የምትመራዋ እሷ ናት።

ምርጫዎን ካደረጉ በኋላ ለቀለሙ ሽፋን የሚያስፈልገውን ሬዚን በሙሉ በአንድ ንጹሕ ባልዲ፣ ሃርድነር ሳይነካው፣ ያቅልሙት። በየዙሩ አዲስ ጠብታ እየቆጠሩ ማቅለም ጀልባውን ዥጉርጉር ያደርገዋል። ከዚያ ባልዲ በየጊዜው የሚፈልጉትን እየቀዱ ሃርድነሩን ለዚያች ብቻ ይጨምራሉ።

የመጀመሪያው ቅብ

እንጨት ውስጥ አየር አለ። ሲሞቅ አየሩ ይለጠጥና በሬዚኑ በኩል አረፋ እየነፋ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ጀልባውን ጠዋት ፀሐይ ይምታው፣ ቀትር ላይ ወደ ጥላ ያስገቡት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ቅቡን ይጀምሩ። እንጨቱ እየበረደ ይጠጣል፤ ለመጠንከርም ከማታው ብርድ በፊት ሰዓት ያገኛል።

ይህ ቅብ ቀለም የለውም። በሮለር ሳሳ ተደርጎ ይቀባል፤ የጠማው ቦታ ፈዞ ሲታይ እንደገና ይጨመርለታል። የኮምፔንሳቶው የተቆረጠ ጠርዝ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚጠጣ ሦስቴም ቢቀባ አይበዛበትም። ቅቡ ጣት ሲነካው እየተጣበቀ፣ ግን ጣት ላይ ሳይወጣ ሲቀር፣ ጨርቁን ለማልበስ ጊዜው ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሽፋኖች አንድ አካል ይሆናሉ። ከዚያ ካለፈና ካደረ፣ ኤፖክሲ ከሆነ በውሃና በስፖንጅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና መፈተግ አለበት።

ስለ ልኬት አንድ ነገር። ለፖሊስተር የሚገባው ሃርድነር ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም። በሞቃት ቀን ወደ ታችኛው፣ በቀዝቃዛ ቀን ወደ ላይኛው ይጠጋሉ። ኤፖክሲ ግን እንዲህ አይደለም። ጣሳው ላይ ሁለት ለአንድ ካለ ሁለት ለአንድ ነው፤ ሃርድነር ማብዛት አያፈጥነውም፣ እስከ መጨረሻው ለስላሳ ያደርገዋል። ክብደት ይሁን ይዘት የሚለውንም ያንብቡ። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ ሃርድነር አይክፈቱ፤ የፖሊስተሩ ዓይን ያሳውራል። ከረጨዎት ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ታጥበው ወደ ሕክምና ይሂዱ። የውሃው ጀሪካን ከሥራው በፊት አጠገብዎ ይቀመጥ።

ጨርቁን ማልበስ

ሬዚኑ ከመበጥበጡ በፊት ጨርቁን ደረቁን ለክተው ይቁረጡት፤ በየጠርዙ አንድ ስንዝር ትርፍ ይኑረው፤ ጠቅልለው ንጹሕ ቦታ ያስቀምጡ። ብቻዎን አይሥሩ። አንዱ ይበጠብጣል፣ አንዱ ያለብሳል፤ የሚበጠብጠው ሰው ከሚዛኑ አይለይ።

የሚያሳይ ቀለም አንድ ጠባይ አለው፤ ሁለት ንጣፍ በተደራረበበት ይጠቁራል። ስለዚህ ማጠናከሪያዎቹ በሙሉ አስቀድመው ቀለም በሌለው ሬዚን ይለበሱ። በጠርዞቹ ላይ አራት ጣት ስፋት ያለው ጥብጣብ፣ ድንጋይ በሚገጨው የፊት ጫፍ ላይ ድርብ፣ ከዚያም በወለሉ በሙሉ አንድ ንጣፍ። ባለቀለሙ ንጣፍ ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል። መገናኛው የግድ ከሆነ ወለሉና ጎኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያድርጉት። እዚያ ላይ የወረቀት ፕላስተር ቀጥ አድርገው ከለጠፉና ሬዚኑ ላስቲክ መሳይ በሆነበት ሰዓት በስለት ከቆረጡት፣ የጠቆረው መስመር ሆን ተብሎ የተሣለ ጌጥ ይመስላል። የሰርፍ ሰሌዳ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያስከብሩት በዚህ መስመር ጥራት ነው።

አሁን ባለቀለሙን በጆግ ይበጥብጡ፤ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥ። ለሁለት ሙሉ ደቂቃ፣ የጆጉን ጎንና ወለል እየጠረጉ ያማስሉ። ወዲያው ጨርቁ መሀል ላይ ይገልብጡት። በጆግ ውስጥ የቆየ ኤፖክሲ በራሱ ሙቀት ይፈላል፣ ያጨሳል፤ ሲዘረጋ ግን ይበርዳል፣ ዕድሜም ያገኛል። በስፓቱላ ከመሀል ወደ ዳር፣ ሳይጫኑ፣ ቀስ እያሉ ይግፉት። ደረቁ ጨርቅ ነጭ ነው፤ ሬዚን ሲጠጣ ነጩ ይጠፋና እንጨቱ ይገለጣል። ነጭ ቦታ ካለ ጠምቶታል። የሚያብረቀርቅ ኩሬ ካለ ደግሞ በዝቷል፤ ጨርቁን ከእንጨቱ ያንሳፍፈዋል፣ ቀለሙም እዚያ ይጠቁራል። ትክክለኛው ገጽ የጨርቁ ሽመና በግልጽ የሚታይበት፣ ፈዘዝ ያለ ነው። ያ ሽመና አያሳስብዎ፤ በኋላ ይሞላል።

ጎኖቹ ቁልቁል ስለሆኑ ይወርዳሉ። ሬዚኑ መያዝ እስኪጀምር በየጥቂት ደቂቃው ተመልሰው የወረደውን ወደ ላይ ይሳቡት። ጆጉ ውስጥ ያለው መወፈር ከጀመረ ግን ይተዉት፤ ለማዳን ብለው አሴቶን አይጨምሩ። የሞቀውን ጆግ ከመጠለያው አውጥተው አፈር ላይ ያኑሩ።

መሙላት፣ መፈተግ፣ ማጠናቀቅ

በማግስቱ የሽመናውን ጉድጓድ የሚሞላ ቅብ ይከተላል፤ ይህም ቀለም የሌለው ይሁን። ምክንያቱም ይህን ቅብ ይፈትጉታል፤ ቀለም ካለበት በተፈተገው ልክ እየሳሳ ነጠብጣብ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ሰም የተጨመረበትን ዓይነት ለዚህ ቅብ ይጠቀሙ፤ ሰም የሌለው አየር በነካው ገጽ ላይ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራልና ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል። ለኤፖክሲ ሁለት ቅብ በጥቂት ሰዓት ልዩነት ጥሩ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ በ80፣ ከዚያ በ120፣ በመጨረሻ በ220 ቁጥር በውሃ እያራሱ ይፈትጉ። ጨርቁ ጭረት ማሳየት ከጀመረ ያቁሙ፤ ከዚያ በታች የሚፈትጉት የጀልባውን ጥንካሬ ነው። የሬዚን አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው፣ የመስታወት ብናኝም ቆዳ ያሳክካል። ማስክ፣ ረጅም እጅጌና ቀዝቃዛ ውሃ አይለዩዎት።

የእኛ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ኤፖክሲን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ታደክመዋለች። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው የውጭ ቨርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። የጀልባውን አፍ ዙሪያ ግን በድፍን ብርቱካንማ ቀለም ይቀቡት፤ ቡናማ በሆነው ውሃ ላይ ከሩቅ የሚለየው እሱ ነው። የውስጡን ገጽ ቢያንስ በሁለት የኤፖክሲ ቅብ ይዝጉ፤ ውጪው ተዘግቶ ውስጡ ክፍት የቀረ እንጨት ከውስጥ ይበሰብሳል። መቀመጫው ሥር ለመንሳፈፊያ ነጭ ፎም የሚያስገቡ ከሆነ ፖሊስተር አያስነኩት፤ ስታይሪኑ ያቀልጠዋል። ኤፖክሲ ምንም አያደርገውም። የሰርፍ ሰሌዳ ራሱን ከእንዲህ ያለ ፎም ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ካለም ይህን ሕግ ይያዝ።

ውሃ ከመንካቱ በፊት ሙሉ ሳምንት ይስጡት። መጀመሪያ ባዶውን፣ ዳር ላይ፣ በገመድ ታስሮ ይዋል፤ ማታ ገልብጠው የሚያሳየውን ወለል በብርሃን ይመርምሩ። ጠቆር ያለ ጥላ ካዩ ውሃ የገባበት እዚያ ነው። ቦታውን እስከ ጤነኛው እንጨት ይፈትጉት፣ ሳምንት ያድርቁት፣ ከጉዳቱ በየአቅጣጫው አራት ጣት የሚያልፍ ጨርቅ ይለጥፉበት። ይህን ምርመራ በየዓመቱ ውሃው በሚወርድበት ወራት፣ ጀልባው ለጥገና ዳር በወጣ ጊዜ ይድገሙት፤ ከውሃ ውጭ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የተገለበጠው ወለል ፀሐይ እንዳያገኘው በሸራ ወይም በሣር ክዳን ሥር ይቀመጥ።